የማን አያት ባንዳ ነበር? በአዳማው መድረክ ስለ አንድ ፊልም የተካሄደ ረጅም ክርክር

በአዳማው የኢንተርኔት መድረክ የተከፈተው የውይይት ክር ረዝሟል። ከሥራ በኋላ ገብታችሁ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ላቃታችሁ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ ላስከትልላችሁ። የሁሉንም አልዘረዝርም። አውራ ጣት ብቻ ልከው የሄዱትን ዘልያቸዋለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ የተለጠፈው ከፊልም ምሽቱ ማግስት ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ፕሮጀክተር ተከራይተው፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥረው ዘጋቢ ፊልም የሚያሳዩ ልጆች አሉ። ያን ምሽት ያሳዩት የጣሊያናዊውን የቫለሪዮ ቺሪያቺን ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን። ፊልሙ የሚነሳው ከሮም ብዙም ከማትርቀው ከአፊሌ ነው። በዚያች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ለማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ፣ እኛ ዘንድ የካቲት 12 ሲነሳ ስሙ ለሚጠራው ሰውዬ፣ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። ፊቱ ላይ «ሀገር» እና «ክብር» ተብሎ ተጽፎበታል። ካሜራው ኢትዮጵያ፣ ጣሊያንና አሜሪካ ያሉ ሦስት ሰዎችን ይከተላል። የመታሰቢያው ደጋፊዎችም በፊልሙ ይናገራሉ።

የለጣፊው ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ወገኑ ያለቀበት ሰውና ገዳዩን የሚያሞግስ ሰው እንዴት እኩል ማይክ ይሰጣቸዋል ይላል። ጭፍጨፋ ሁለት ወገን ያለው ክርክር አይደለም፣ ዳይሬክተሩ ሚዛናዊ ልሁን ሲል ሚዛኑን ሰበረው ባይ ነው። ጥያቄውንም አስከተለ። ዘጋቢ ፊልም የገዳይን አወዳሽ ማናገር አለበት ወይስ የለበትም?

1ኛዋ መላሽ በትህትና ጀመረች። ለጣፊውን አመስግና ሙሉ በሙሉ ተስማማች። መታሰቢያው በታየ ቁጥር ሆዷ እንደተላወሰና መሃል ላይ ተነስታ መውጣት አምሯት እንደነበር ጻፈች።

2ኛው ወንድሜ እያለ በቀስታ ተቃወመ። እኔ እንደሚመስለኝ ከክሩ ሁሉ ለፊልሙ በቅጡ የተሟገተ እሱ ነው። ያስታወሰን ይህን ነው። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 ሀገሩ ላይ ተፈርዶበታል፤ 19 ዓመት። የተፈረደበት ግን ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ ኢትዮጵያ ውስጥ በሠራው አይደለም። ያውም ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣ፤ በ1955 ሞተ። በኛ ጉዳይ አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም። እና መላሹ፣ የመንደሩ ሰው ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ አፍ አውጥቶ ሲናገር ማየት ቢያንስ ምስክርነት ነው ይላል። ዝም ቢባሉ ኖሮ መታሰቢያውን ጥቂት እብዶች ያቆሙት እንጂ ማዘጋጃ ቤት የመረቀው አይመስለንም ነበር።

3ኛው ስለ ፊልሙ ምንም ሳይል በሦስት ቀን 30,000 ሰው ያለቀበት ነገር ውይይት አያስፈልገውም ብሎ አለፈ። ይቺ ቁጥር ናት እሳቱን የለኮሰችው።

4ኛው ሊያርም ገባ። 30,000 የሚለው ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ካቀረበው፣ በአጠቃላይ 760,300 ሟች ከሚዘረዝረው ሰነድ የመጣ መሆኑን ጻፈ። የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ብዙ ዓመት ለፍቶ የአዲስ አበባውን እልቂት ወደ 19,000 ይገምተዋል። ጣሊያኖቹ ደግሞ ያኔ ያመኑት ጥቂት መቶ ብቻ ነው። የጻፈው በጨዋ ደንብ ነበር። ቢሆንም 5ኛው ከመቀመጫው ተነሳ። ቁጥር የሚቀንስ ሁሉ ለግራዚያኒ ጠበቃ የቆመ ነው አለው፤ ከዚያም ለፊልም ምሽቱ ማን እንደከፈለ ጠየቀ። 6ኛው መልስ የ4ኛው ሰው ነው። 19,000 ሰው በሦስት ቀን መግደል ቀላል ከሆነልህ እንግዲህ አንተ ጋ ችግር አለ ብሎ ዘጋው። እኔ ብሆን እዚያ ላይ አልመልስም ነበር፤ እሱ ግን ስድስት መስመር ጨመረበት።

7ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። የቁጥሩን ክርክር ወደ ደብረ ሊባኖስ ወሰዱት። ግንቦት 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ማሌቲ ገዳሙን የከበበው ሰው ለበዓል በተሰበሰበበት ሰሞን ነበር፤ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አጽም ነው። መነኮሳቱ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ቦታ ተወስደው ተረሸኑ። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 ገደልኩ አለ፤ ቆይቶ ዲያቆናቱ ሲጨመሩ 449 ደረሰ። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ሰው እየጠየቁ፣ ቦታውን በእግር እየረገጡ ያጠኑት ግን ቁጥሩ ከሺህ እንደሚዘል ያሳያል። ጋሼ የገዳይን ደብተር ብቻ ይዞ መቁጠር ሞኝነት ነው አሉ። 5ኛውንም 4ኛውንም በአንድ ላይ ነው የገሠጹት።

ከዚያ ስለ አያታቸው ጻፉ። ሴትየዋ የፍቼ አካባቢ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ ግንቦት ተክለ ሃይማኖት ዝክር ያወጣሉ። ሁለት እንጀራ ግን ከሌላው ለይተው በትንሽ ሌማት ይከድናሉ፤ ለማን እንደሆነ አይናገሩም። ልጅ ሊነካው ሲል እጁን በማማሰያ ይሉታል። ሁለቱ እንጀራዎች የማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ በቤቱ የሚያውቅ የለም። ጋሼ ይህን ብቻ ጽፈው ወደ ምን እንደሚያመራ ሳይናገሩ አቆሙ። የእሳቸው ጽሑፍ ያገኘውን ልብ ሌላ ማንም አላገኘም።

8ኛው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ፊልሙ መሃል ላይ መብራት ስለሄደ የቀረውን መቼ ነው የምናየው ብሎ ጠየቀ። 9ኛዋ ይህንኑ መብራት ይዛ ሌላ በር ከፈተች። የቆቃ ግድብ የተሠራው በጣሊያን የጦር ካሳ እንደሆነ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ አለች። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪሱ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ ከዚያ ያነሰ ገንዘብ ተከፈለ፤ እሱም ቆቃ ላይ ዋለ። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። አዳማ ያደገ ሰው ሁሉ ሐይቁን ያውቀዋል። ከምን እንደመጣ የነገረን ግን የለም።

10ኛው ታዲያ ካሳው ከተከፈለ መብራቱ ለምን ይጠፋል ብሎ ቀለደ። 11ኛውና 12ኛው ስለ ትራንስፎርመርና ስለ ቆጣሪ ካርድ ማውራት ጀመሩ፤ እሱን ተዉት።

13ኛው ግን ቆም ያደርጋል። የጻፈው በአባገዳ ሽማግሌዎች ሸንጎ ተቀምጦ ያደገ ልጅ ነው። በጉማ፣ በኦሮሞ የደም ካሳና የዕርቅ ሥርዓት፣ ገንዘቡ መጨረሻ ነው የሚመጣው አለ። መጀመሪያ የገዳዩ ወገን ሽማግሌ ልኮ ገድያለሁ ብሎ ያምናል። ሳያምን ከብት ቢነዳ የሟች ቤተሰብ አይቀበለውም፤ ቢቀበል እንኳ ደሙ አልደረቀም ይባላል። ጣሊያን ካሳውን የከፈለችው ሳታምን ነው። የመርዝ ጋዙን እንኳ የመከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ጋዙ ከተረጨ ከ60 ዓመት በኋላ። ስለዚህ አፊሌ ላይ ድንጋይ ቢቆም አይገርመኝም አለ። ለለጣፊውም እዚያው መለሰለት። እንዲህ ያለ ፊልም ያስፈለገው ገዳዩ ወገን ያላመነው ጥፋት ስላለ ነው፤ የሚክደውንም ሰው ሳታሳይ ክህደቱን ማሳየት አትችልም አለው።

14ኛዋ በዚህ ላይ ጨመረች። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ጣሊያን የጦር ወንጀል ባለ ሁለት ክፍል ፊልም አሳየ፤ የኬን ከርቢን። የጣሊያን መንግሥት ቴሌቪዥን ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በጣሊያን ቴሌቪዥን የተወሰነው ክፍል የታየው በ2004 ነው፤ ያውም በሌላ ጣቢያ። 15 ዓመት ሙሉ። እኔ ይህን ሳነብ የለጣፊው ጥያቄ ተገልብጦ ታየኝ። እነሱ የኛን ድምፅ መሳቢያ ውስጥ ሲያስቀምጡ ኖረው እኛ ደግሞ የእነሱን እናስቀምጥ ወይ የሚል ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ጭቅጭቁ ጣሊያን ሀገር ነበር። በ15ኛው መልስ ሳሎናችን ገባ።

15ኛው ሰው አያቱ ከጣሊያን ጋር እንደነበር ጻፈ። ሹምባሽ ነበር፤ በጣሊያን ጦር ውስጥ ለሀገሬው ወታደር የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ቤታቸው አንድ ፎቶ አለ፤ በመቀስ ለሁለት የተቆረጠ። የቀረው ግማሽ ላይ አያቱ ታርቡሽ አድርጎ ቆሟል፤ ወገቡ ላይ ሰፊ መቀነት ታጥቋል፤ ትከሻው ላይ የሌላ ሰው እጅ አለ። የእጁ ባለቤት በተቆረጠው በኩል ነው የቀረው። ቤተሰቡ ሲጠየቅ አያታችን የውስጥ አርበኛ ነበር ይላል። ልጁ ግን የአያቱ ስም የተነሳበትን አንድም ወሬ ከአርበኛ ቤት ሰምቶ አያውቅም። ጥያቄው ይህ ነው። የአፊሌን ሰው አታናግሩ ካላችሁ፣ የኔን አክስቶችስ?

16ኛው ሳቀበት። አዳማ ውስጥ የሁሉም ሰው አያት የውስጥ አርበኛ ከሆነ ባንዳው ከየት መጣ፣ ከማርስ ወይ አለ። ቀልዱ ይጎመዝዛል፤ ውሸት ግን አይደለም። 17ኛው ስድብ ስለነበረ አድሚኑ አጠፋው። እኔ ሳይጠፋ አይቼዋለሁ፤ ሰባት ትውልድ ድረስ የሚወርድ እርግማን ነው። 18ኛዋ ለ15ኛው ቆመችለት። የልጅ ልጅን በአያት ማስጠየቅ የማን ሕግ ነው ብላ ጠየቀች። የራሷ ቅድመ አያት ደናኔ በሚባለው የጣሊያን እስር ካምፕ ታስረው እዚያው ሶማሌ ምድር ቀርተዋል። እሷ ካልተቀየመችው ሌላው ምን አግብቶት? ይቺን ከጻፈች በኋላ ስድቡ ለጥቂት ሰዓት ቆመ።

19ኛው በአርሲ በኩል ያሉ አባቶች ዘንድ የጣሊያን ጊዜ በሌላ መልኩ እንደሚታወስ አነሳ። የእሱ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ጭፍጨፋውን ሳይሆን ገባርነት ለጥቂት ዓመት ቀርቶ እንደነበር ነው አለ። እዚህ ላይ ጦፈ። 20ኛው ይህ የፋሺስት ስብከት ነው፣ ጣሊያን ሕዝብ ለመከፋፈል የዘራችውን አንተ ታጭዳለህ አለው። 21ኛው ከዚያ ባሰ ቃል ተናገረ። 22ኛው በንዴት ግን በእውቀት ጻፈ። ጃገማ ኬሎ ጊንጪ አካባቢ ጫካ ሲገባ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ገረሱ ዱኪም የኦሮሞ ልጅ ነው፤ ኦሮሞን ከአርበኝነት ለይቶ የሚያወራ አፉን ይታጠብ አለ። 19ኛው ተመልሶ መጣ። ማንንም አልለየሁም፣ ጃገማንም እወዳለሁ፤ ግን አባቴ የነገረኝን አልነገረኝም ልል አልችልም አለ። ሁለቱም በአንድ ቤት ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል፣ በእሱም ቤት አንዱ አጎት አርበኛ ሌላው ገባርነት ስለቀረለት እፎይ ያለ ገበሬ እንደነበር ዘረዘረ።

መላሾቹ አይቆጡኝና፣ ክሩ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ይሄ ነው። የተናገረው የሰማውን ነው፤ ከማን እንደሰማም ተናግሯል። 21ኛው ግን ከማን እንደሰማ አልነገረንም። አድሚኑ ሌሊቱን ክሩን ቆለፈው፤ ጠዋት ከፈተው።

ጠዋት የመጀመሪያው፣ 23ኛው፣ ጣሊያን ባትመጣ ባቡር ከየት ይገኝ ነበር አለ። ምን አስቦ እንደሆነ አይታወቅም። 24ኛው ባቡሩን የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ መሆኑን፣ አዲስ አበባ የገባውም እ.ኤ.አ. በ1917 እንደሆነ፣ ማለትም ከወረራው ሁለት አሥርት ዓመት ገደማ አስቀድሞ መሆኑን ነገረው። የአዳማ ሰው ሆኖ የራሱን ጣቢያ አለማወቁን ግን አልማረውም። 25ኛው መንገዱስ አለ። 26ኛው መንገዱ የተሠራው ታንክ እንዲያልፍበት ነው፣ አንተ እንድታልፍበት አይደለም አለ። ፓስታና ማኪያቶ ላይ ሲደርሱ አድሚኑ በቃ አለ።

27ኛው ወደ ፊልም መለሰን። ፊልም ነገር የሚወድ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የጆሹዋ ኦፔንሃይመርን ፊልም አነሳ። በ1965ና በ1966 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሰው የፈጁ ሰዎች፣ በኩራት፣ እንዴት እንደገደሉ ራሳቸው ተውነው ያሳያሉ። ዳይሬክተሩ የገዳይን አፍ ከፈተ እንጂ ገዳይን አላሞገሰም፤ ከኢንዶኔዥያውያን ባልደረቦቹ ብዙዎቹ ግን ስማቸውን ለመጻፍ ስለፈሩ መጨረሻ ላይ ስም የለሽ ሆነው ነው የተዘረዘሩት። ይህን ያነበበችው 28ኛዋ በደንብ ተከራከረችው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ገዳዮቹ በሕይወት ነበሩ፤ አፊሌ ላይ ያሉት ግን ያላዩትን የሚያወድሱ ናቸው፤ አንድ አይደሉም አለች። ትክክል ናት ብዬ አስባለሁ።

እሷው ሌላም ነገር አነሳች። የዚያን ዘመን እንቅስቃሴ በየፊልሙ ስናይ ጥቁርና ነጩን ምስል ማን ቀረጸው? ብዙው ሉቼ የሚባለው የፋሺስቱ መንግሥት የፊልም ተቋም ሥራ ነው። አያቶቻችን እጅ ሲነሱ፣ በሰልፍ ቆመው ዱቄት ሲቀበሉ፣ ካሜራውን በፍርሃት ሲያዩ የምናየው በወራሪው ዓይን ነው። የካቲት 12ም ከዚህ ብዙ አይለይም። የጣሊያን ወታደሮች ለማስታወሻ ብለው ያነሷቸው ፎቶዎች ናቸው ማስረጃ ሆነው የቀሩት። ስለዚህ ማይክ ማን ያዘ ከማለት በፊት ካሜራውን ማን ይዞት ነበር በሉ አለች። ለጣፊው እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ 29ኛ። በዋናው አሳቡ እንደጸና ነው። ግን የሚቀጥለውን ምሽት በዚህ ጥያቄ እንጀምረው አለ።

30ኛው ጋሼ ናቸው፤ እንደገና። በ1929 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ መቶ ሊደፍን ነው አሉ። የሮም ሰው መጥቶ እስኪቀርጽልን ምን እንጠብቃለን? ስልክ በየኪሳችን አለ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚጽፍ ልጅ ከተገኘ እሳቸው ቤት ለቤት ይዞራሉ። 31ኛዋና 32ኛው ስማቸውን አስመዘገቡ። 33ኛው አበል ይኖረዋል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም።

34ኛው ግን እሾህ ይዞ መጣ። አንዲት እናት ልትናገር ፈቅዳ፣ ባሏን ለጣሊያን የጠቆመውን ጎረቤት ስም ግን አትጻፉት ብትልስ? የጎረቤቱ ልጆች እዚያው ሰፈር አሉ፤ ዕቁብም አብረው ይጥላሉ። 35ኛው ስም የሌለው ታሪክ ተረት ነው፣ ይጻፍ አለ። 36ኛዋ የእናትየዋ ቃል ከታሪክ ይበልጣል፣ አይጻፍ አለች። 37ኛው ሙሉው ድምፅ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ለሰው የሚታየው ይቆረጥ አለ። ያ ቁልፍ ማን ጋ ይሁን ሲባል ግን ሦስት ሰው ሦስት ቦታ ጠቆመ። ገና አልተስማሙም።

41ኛው 15ኛው ልጅ ነው፤ ባለ ግማሽ ፎቶው። በእሱ በኩል የአያቱ ስም እንዲጻፍ ፈቀደ። አንድ ነገር ብቻ ለመነ። ከስሙ አጠገብ ወሬውን ማን እንደተናገረ፣ መቼ እንደተናገረ፣ ያን ጊዜ ዕድሜው ስንት እንደነበር አብሮ ይጻፍ። የተቆረጠው ግማሽ አክስቱ ዘንድ ይኑር አይኑር ገና አላወቀም፤ ለፋሲካ አሰላ ሲሄድ ይጠይቃታል። ጋሼ እንደ ደረስክ ደውልልኝ ብለው ቁጥራቸውን በውስጥ መስመር ላኩለት።

ከዚያ በታች ያለው የባጃጅ ታሪፍ ጭቅጭቅ ነው።